ለሁለት ወገን የተቀዳ ውኃ

መንገድ ዳር የሚኖር ሰው ብቸኛ ነው ስል የሚያምነኝ የለም። «ቀኑን ሙሉ ሰው እየተግተለተለብሽ ምን ብቸኝነት አለ» ይሉኛል። እውነት ነው፣ ይግተለተል ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወጣው፣ ከደሴ የሚወርደው፣ ከባቲ ገበያ የሚመለሰው የጭነት መኪና ሁሉ ከሚሴ ላይ ይቆማል፤ ሾፌሩ ይወርዳል፣ እጁን ይታጠባል፣ ይበላል፣ ይሄዳል። በእነዚያ ዓመታት ስንቱን ሰው እንዳበላሁ አላውቅም። አብሮኝ የሚበላ ግን አልነበረም። ሰው ማብላትና ከሰው ጋር መብላት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የሚያውቅ ምግብ ቤት የከፈተ ብቻ ነው።

የእኔ ቤት የክርስቲያን ምግብ ቤት ነበር። ከመንገዱ ማዶ፣ ፊት ለፊቴ፣ የእስላም ምግብ ቤት ነበረ። ሾፌር ከመኪናው ሲወርድ አንገቱን አያለሁ፤ ማተብ ካለው የእኔ ነው፣ ከሌለው የጎረቤቴ። ጎረቤቴ የጨፋ ሸለቆ ተወላጅ፣ በዕድሜ ከእኔ ትንሽ ከፍ የምትል፣ ድምፅዋ ከቦርከና ወንዝ ማዶ የሚሰማ ሴት ነበረች። አማርኛ ጀምራ በኦሮምኛ ትጨርሳለች፣ ኦሮምኛ ጀምራ በዱዓ ትዘጋለች። እሷ የእኔን ሥጋ አትቀምስም፣ እኔም የእሷን አልቀምስም። ሽሮና ጎመን፣ ወሬና ሐሜት ግን ድንበር አልነበራቸውም።

እኔ ከሸዋ በኩል ነኝ። ከሚሴ ያመጣኝ ባሌ ነው። ወታደር ነበር፣ የጦር ሰፈሩም ደሴ። «ደሴ ብርድ ነው፣ አንቺ ደግሞ ብርድ አትችዪም» ብሎ ነው ቆላው ላይ ያስቀመጠኝ፤ እንደሚመስለኝ ግን ንዝንዜን ሽሽት ነው። በወር አንዴ ፈቃድ ሲያገኝ በጭነት መኪና ተሳፍሮ ይመጣል። ገና እንደገባ የመንግሥቱን ልብስ አውልቆ ቡናማ ኮቱን ይለብሳል። ሲሄድ ደግሞ ኮቷን አውልቆ ከአልጋው ራስጌ ካለው ምስማር ላይ ይሰቅላታል። «ይቺ እዚሁ ትቀመጥ፣ ቤት የምትጠብቅ እሷ ናት» ይል ነበር። ልጅ አልነበረንም። ስለዚህ ወሩን ሙሉ አብራኝ የምትከርም ኮቷ ነበረች።

አንድ በጋ፣ ፈቃድ ላይ እያለ፣ አብረን ለቅሶ ሄድን። የጨፋ ሣር በበጋም አይጠፋም፤ ታች በረሃው ሲደርቅ አፋሮቹ ከብታቸውን እየነዱ ወደ ሸለቆው ይመጣሉ። በዚያ ዓመት ከብት ማጠጫው ላይ ከጨፋ ሰዎች ጋር ተጣሉ። አንድ ሰው ሊገላግል መካከል ገባ፣ ጥይት መታው። ከየትኛው ወገን እንደተተኮሰ ሁሉም ያውቅ ነበር። እኛ ለቅሶው ላይ ስንደርስ ግን የተቀመጡት ሁለቱም ወገኖች ነበሩ። ጫማቸውን አውልቀዋል፣ ጥምጥማቸውን ፈትተዋል፣ ምንጣፍ አይነጠፍልን ብለው ባዶ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። የሟቹ ሚስት ሁለት ቅል ውኃ ቀድታ ወጣች። አንዱን ለአንደኛው ወገን ትልቅ ሰው ሰጠች፣ ሌላውን ለሌላኛው። ጠጡ። ከዚያ ወደ ቤት ተመልሳ የባሏን ልብስ ተሸክማ አወጣች። ውኃው ሳይጠጣ የሟች ልብስ ከቤት አይወጣም ነበር ደንቡ።

ስንመለስ ያስታረቁት ሽማግሌ መንገድ ላይ አብረውን ሄዱ። ፂማቸው ሂና የተቀባ፣ ንግግራቸው ቁጥብ፣ በሸለቆው ከቃላቸው የሚወጣ ሰው የሌለ ትልቅ ሰው ነበሩ። እኔ ደግሞ ነገር ሳልጠይቅ ማለፍ አልችልም።

«አባ፣ የተኮሰው አንደኛው ወገን ነው። ሌላው ለምን ይቀመጣል?» አልኳቸው።

«ኢንታላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «እሱ የገባ ለሁለቱም ብሎ ነው። መካከል ገብቶ የሞተ ሰው ደሙ የሁለቱም ነው። አንዱ ብቻ ቢመጣ ነገሩ አላለቀም፣ ወላሂ አላለቀም።»

ቤት ደርሰን፣ ባሌ በማግስቱ ሊሄድ ኮቷን እየሰቀለ ነው የነገረኝ።

«ኮንጎ ልሄድ ነው» አለ።

«ኮንጎ የት ነው?»

«ሩቅ ነው። በአውሮፕላን ነው የሚኬደው።»

«ምን ጠላት አለን እዚያ?»

«ጠላት የለንም። እነሱ እርስ በርሳቸው ተጣሉ። የዓለም ሸንጎ ገላጋይ ይሂድ አለ፣ ንጉሡም ወታደር ሰጡ።»

ሸንጎው ረዥም ስም አለው። ከጎኔ ባለው ሱቅ ሬዲዮ ሲጠራ እሰማው ነበር፤ በከሚሴ አፍ ግን የዓለም ሸንጎ ነው።

«አገሩ የት ነው ሸንጎው?» አልኩት።

«አገር የለውም። የሁሉም ነው።»

«ንጉሡስ ማን ነው?»

«ንጉሥም የለው።»

«አገርም ንጉሥም የሌለው ጠርቶህ ነው የምትሄደው?»

ሳቀ። «አንቺ ዳኛ ነበር መሆን የነበረብሽ» አለ። ከዚያ ሳቁን ተወና «ያ ሰውዬ ጨፋ ላይ ያደረገውን ነው የምናደርገው። መካከል መቆም ነው» አለ።

«ያ ሰውዬ እኮ ሞቷል።»

«እሱ የብረት ቆብ አልነበረውም» አለኝ።

ቆቡን ኋላ በፎቶግራፍ አየሁት። ከጓደኞቹ አንዱ በተራው ሲመለስ ነው ያመጣልኝ። ባሌ ከስቶ፣ ቅጠለ ሰፊ ዛፍ ሥር ቆሟል። ቆቡ ላይ ክብ ዓለም በሁለት የቅጠል ዝንጣፊ ታቅፎ ተስሏል። ጓደኛው ቀለሙ ውኃ ሰማያዊ ነው አለኝ፤ በፎቶግራፉ ላይ አመድ ይመስላል። ጎረቤቴ መንገዱን ተሻግራ መጥታ ፎቶግራፉን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች አገላብጣ አየችው።

«ይኸ ነው ሸንጎው?» አለችኝ፣ ምልክቱን በጣቷ እየነካች።

«ምልክቱ ነው» አልኳት።

እስክትጠግብ አየችው። ያ ማየቷ ነው ኋላ ነገሩን ሁሉ ያመጣው።

መርዶው የመጣው ደንቡን ጠብቆ ነው፤ በዚያ ማንንም አልወቅስም። ገና ሳይነጋጋ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት የደብሩ ቄስ፣ የጨፋው ሽማግሌና ጎረቤቴ ቆመዋል። ጎረቤቴ፣ ያ ሁሉ ድምፅ ያላት ሴት፣ አንዲት ቃል ሳትወጣት ስትቆም ነው ያወቅሁት። ምን እንዳልኩ አላስታውስም። የማስታውሰው የምድጃውን እሳት ማን ያነደዋል ብዬ መጨነቄን ነው። ሾፌሮች ሊመጡ ነው፣ እሳት አልነደደም። ጎረቤቴ እኔን ለቄሱ ትታ ገብታ አነደደችው።

ሬሳው እዚያው ተቀበረ ተባለ። ሬሳ የሌለው ለቅሶ ዕቃ ተይዞ ነው የሚለቀሰው። ፎቶግራፉን ይዘው አስለቀሱኝ። ከደሴ የጦር ሰፈር ጓደኞቹ መጡ፣ የወረዳው ሹም መጣ፣ የገበያው እስላምና ክርስቲያን ሁሉ መጣ። ጎረቤቴ የለቀስተኛውን ንፍሮ ሥጋ ያልነካው ድስት ውስጥ ቀቅላ አቀረበች፤ ሁሉም አንድ ላይ በላ። ኮቱን አምጪ ሲሉኝ ግን እምቢ አልኩ። ኮቷ ከምስማሯ ከወረደች ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ነገሩ ደግሞ አላለቀም።

ይህን መጀመሪያ ያነሣችው ጎረቤቴ ናት። በሳልስቱ፣ ሰዉ ሲበተን፣ ሽማግሌው ባሉበት ጠየቀችኝ።

«ሁለቱ ወገኖች መች ነው ሚመጡ?»

«እነሱ'ኮ ኮንጎ ናቸው» አልኳት።

«ቢሆንስ? መካከላቸው ገብቶ አይደል የሞተ?»

ሽማግሌው ዱላቸው ላይ ተደግፈው አሰቡ። «የኮንጎዎቹ የከሚሴን መንገድ አያውቁትም» አሉ በመጨረሻ። «ሸንጎው ግን ያውቀዋል፤ መጥቶ ወስዶታልና። ለሁለቱም ሆኖ የሚቀመጥ እሱ ነው። ኢንሻ አላህ ይመጣል።»

ሽማግሌው ይመጣል ካሉ እኔ ማን ነኝ። ጠበቅሁ። ሞኝነት ነው የሚለኝ ይኖራል፣ ይበለኝ። ከብት አልፈለግሁም፣ ካሳ አልፈለግሁም። አንድ ሰው መጥቶ መሬት ላይ እንዲቀመጥልኝና ውኃዬን እንዲጠጣልኝ ነበር የፈለግሁት። በሕይወቴ ከዚያ ያነሰ ነገር ለምኜ አላውቅም። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል፤ ንጉሥ እንኳ ግን ደጁ ይታወቃል፣ ደጅ ይጠናል። ደጅ የሌለውን በየት ሄደው ይጠኑታል? ሬዲዮው ስለ ሸንጎው ባወራ ቁጥር ወደ ሱቁ ጠጋ እላለሁ። ተሰበሰቡ ይላል፣ ተነጋገሩ ይላል፣ እጅ አወጡ ይላል። ከሚሴን አያነሣትም።

አርባው ወጣ፣ ሰማንያው ወጣ፣ ሙት ዓመቱም አለፈ። ቄሱ «እርምሽን አውጪ፣ የሟች ልብስ ለነዳይ ነው የሚገባው» እያሉ ይቆጡኝ ነበር። እሺ እላለሁ፣ አላወጣም። ጎረቤቴም እየቆየች ነገሩን ማንሣት ተወች፤ ከቁጣው ይልቅ ያ ዝምታዋ አሳዘነኝ። ሾፌሮቹ ሄደው ምድጃው ሲበርድ እኔና ኮቷ እንቀራለን። አንዳንድ ቀን አናግራት ነበር። መልስ አትሰጥም፤ ባሌም ሲያኮርፍ እንደዚያው ነበር። ከሁሉ የከፋኝ ግን ሌላ ነው። ኮቷ የእሱን ጠረን እየተወች የወጥ ጢስ ጠረን እየያዘች ሄደች። አንድ ቀን አፍንጫዬን ደፍቼ ባሸታት ምግብ ቤቱን ሆነችብኝ። ያን ቀን ሾፌሮቹን በሙሉ ተቆጣሁ፤ አንዱንም ወጥ አነሰኝ ስላለ አስወጣሁት።

የወባ ሰዎች የመጡት በዚህ መሀል ነው። ወባ ጨፋ ላይ እንግዳ አይደለም፤ ክረምቱ ሲወጣ ቦርከና ዳር ያለው ሰው ሁሉ በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ተከናንቦ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሁን ግን የብረት ፓምፕ በትከሻቸው ያነገቱ ሰዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ግድግዳውን ዲዲቲ ይረጩ ጀመር። ደንባቸው አንድ ነው፤ ቤቱ ባዶ መሆን አለበት። አልጋው፣ ማሰሮው፣ ሌማቱ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሁሉ ደጅ ይወጣል።

ሁሉንም አወጣሁ። የሾፌሮቹን አግዳሚ ወንበር እንኳ ብቻዬን ጎትቼ አወጣሁ። የረጪዎቹ አለቃ ገብቶ ዙሪያውን አየና በጣቱ ወደ ምስማሩ አመለከተ።

«እሱም ይወጣል።»

«እሷ አትወጣም።»

«እትዬ፣ ትንኝ እኮ የምትደበቀው እንዲህ የተሰቀለ ልብስ ሥር ነው።»

«ትደበቅ።»

ተከራከረኝ፣ ለመነኝ፣ በመጨረሻ ተናደደ። ቤቴን ሳይረጭ፣ ለላከን ሐኪም እነግራለሁ ብሎ ሄደ። «ንገር» አልኩት። በቀኝም በግራም ያለው ቤት ሲረጭ የእኔ መሀል ላይ ቀረ። አመሻሹ ላይ አልጋዬን ብቻዬን መልሼ ሳስገባ አለቀስኩ፤ ለአንዲት ኮት ብዬ ከሰው መለየቴ እኔንም እያሳፈረኝ ነበር።

በማግስቱ አንድ ጂፕ ደጄ ላይ ቆመ። ሐኪሙ ነጭ ይሆናል ብዬ ስጠብቅ ሕንድ ሆነ፤ እኛ ሕንድ የምናውቀው በትምህርት ቤት አስተማሪነት ነበር። ቀጠን ያለ፣ ሽበት የጀመረው፣ ፀሐይ ያደከመው ሰው ነው። ሾፌሩ የደሴ ልጅ ነበር፣ ያስተረጉምለትም እሱ ነው። ርጭት እምቢ ያልሽው አንቺ ነሽ ወይ አለኝ፣ ነኝ አልኩ። ጥል ቢሆንም እንግዳ ደጅ ቆሞ አይመለስምና ግቡ አልኳቸው። ሐኪሙ ደጃፌ ላይ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ። በአገሩ ጫማ አድርጎ ሰው ቤት መግባት ነውር መሆኑን ሾፌሩ ኋላ ነው የነገረኝ። ባርኔጣውንም አነሣ። ቤቱ ውስጥ ጢስ ስለነበረ ደጅ ጥላው ላይ ይሻላል ብዬ በርጩማ ላመጣ ገባሁ፤ ስመለስ ከደጄ ግራር ሥር ባዶ መሬቱ ላይ እግሩን አጣጥፎ ተቀምጧል።

ከመንገዱ ማዶ ጎረቤቴ ቆማ ነበር። ያየችውን አሁን ሳስበው አልፈርድባትም። እግሩ ባዶ፣ ራሱ ባዶ፣ መሬት ላይ የተቀመጠ ሰው አየች። ከዚያ ዓይኗ ወደ ጂፑ በር ሄደ። በሩ ላይ ዓለም በሁለት ቅጠል ታቅፎ ተስሏል።

«መጡ» አለች።

አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለችው፤ በዚያ ድምፅዋ ግን አንዴም በቂ ነበር። የሱቁ ሰው ወጣ፣ የሚበሉት ሾፌሮች እጃቸው ላይ እንጀራ ይዘው ወጡ፣ ከገበያው በኩል ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ሴቶች መጡ። ዓመት ያለፈው ለቅሶ እንደ ትናንት ሆኖ ደጄ ላይ ተተከለ። ሐኪሙ ዙሪያውን ሲያይ ይህ ሁሉ ሰው ስለ ወባ ሊሰማ የመጣ መስሎት ደስ ሳይለው አልቀረም።

የገበያ ቀን ነበርና ሽማግሌው ከተማ ውስጥ ነበሩ። ሰዉ መንገድ ከፈተላቸው። እኔ ፈጥኜ ሄድኩ፤ ሐሰት አልወድም።

«አባ፣ ይህ ሰውዬ ለለቅሶ አልመጣም። ለትንኝ ነው የመጣው» አልኳቸው።

«ማን ላከው?»

«ያው ሸንጎው ነው።»

«ባልሽንስ ማን ወሰደው?»

«ሸንጎው።»

«እንግዲያ» አሉ።

ጎረቤቴ የጂፑን በር ቀረብ ብላ ስታይ ቆይታ «ያን ጊዜ እባብ አልነበረውም፣ ይኸ በትር ላይ የተጠመጠመ እባብ አለበት» አለች። ሾፌሩ ላብ በላብ ሆኖ መለሰላት። «የሐኪሞቹ ምልክት ነው፣ እትዬ። ሸንጎው አንድ ነው፣ ልጆቹ ብዙ ናቸው። የእህል አለ፣ የትምህርት አለ፣ የበሽታ አለ። ዶክተሩ የኮንጎን ነገር አያውቅም።»

«ንገረው» አሉት ሽማግሌው። «የመጣው ለሌላ ነው፣ የተቀመጠው ግን ቦታው ላይ ነው። ሰምቶ ሚነሣ ከሆነ ይነሣ፣ አንይዘውም።»

ሾፌሩ ተንበርክኮ በእንግሊዝኛ ነገረው። ረዘም አለ። እጁን ወደ እኔ ያነሣል፣ ወደ ጂፑ በር ያነሣል፣ ወደ ጨፋ በኩል ያነሣል። ሐኪሙ መጀመሪያ ግንባሩን ቋጠረ፣ ከዚያ ባዶ እግሩን አየ፣ ከዚያ ደጃፌ ላይ ያሉትን ጫማዎቹን አየ። እኔ የማየው እጁን ነበር። ወደ ጫማው ከሄደ አበቃ፣ ሁለተኛ ማንንም አልጠብቅም ብዬ ነበር። እጁ ጉልበቱ ላይ ቀረ። ቀና ብሎ አንድ ነገር ተናገረ።

«ስሙ ማን ነበር ይላል» አለኝ ሾፌሩ።

ከሸንጎው ወገን ስሙን የጠየቀኝ የለም ነበር። የባሌን ስም ከአፌ ካወጣሁት ራሱ ቆይቶ ነበር፤ ኮቷን «አንተ» ነበር የምላት። ተናገርኩት። ሐኪሙ ደገመው፣ አጣመመው፣ እንደገና ሞከረው። በሦስተኛው ተቃና።

ወደ ቤት ገባሁ። ከእንስራው ሁለት ቅል ውኃ ቀዳሁ። ስወጣ ሾፌሩ በሹክሹክታ ያዘኝ።

«እትዬ፣ ዶክተሩ ያልፈላ ውኃ አይጠጣም። ለሰዉም የሚያስተምረው እሱን ነው። ኮዳውን ከመኪና ላምጣ?»

«የራሱን ውኃ ከጠጣማ ምን አደረገ» አልኩት።

ቅሉን ሰጠሁት። ተቀብሎ ውስጡን አየ። የቦርከና ውኃ ነው፣ በቅል ውስጥ ሆኖም መልኩን አይደብቅም። ይህ ሰው ትንኝ ብቻ ሳይሆን በውኃ ውስጥ ያለውንም ሁሉ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ምን እንደሚጠጣ ከእኛ ሁሉ በላይ ያውቃል። ሐኪሙ በሁለት እጁ ይዞ እስከ መጨረሻው ጠጣው።

ከዚያ ሁለተኛውን ቅል በእጄ ላይ አየ። ሾፌሩ ሳይጠየቅ ነገረው፤ አንዱ ለአንደኛው ወገን፣ አንዱ ለሌላኛው ነው አለው። ሐኪሙ ሲናገር ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። ሾፌሩ ሲያስተረጉም ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ሽማግሌው ዞሮ ነው፤ ወደ እኔ ማየት ያቃተው መሰለኝ።

«አገሬ ለሁለት ስትከፈል ወጣት ነበርኩ ይላል። እኛም ሁለት ወገን ነበርን። እናቴና ወንድሞቼ በዚያ ጊዜ ነው የጠፉት ይላል። መካከላችን የገባልን ሰው ግን አልነበረም።»

ሽማግሌው «ኢና ሊላሂ» አሉ፣ ቀስ ብለው። ሐኪሙ ሁለቱን እጁን ዘረጋ፣ ሁለተኛውንም ሰጠሁት። ጠጣው።

ያኔ ነው ያለቀስኩት። በመርዶው ቀን ያለቀስኩት ልቅሶ ድንጋጤ ነበር፣ በሙት ዓመቱ ያለቀስኩት ንዴት ነበር። ይህኛው የባሌ ነበር። ያ ሳቂታ ሰው ለማን ብሎ እንደሄደ ሳይገባኝ ኖሬ፣ እናቱን ባጣ በአንድ ባዕድ ፊት ላይ አየሁት። ጎረቤቴ አቀፈችኝ። ሐኪሙ ፀሐይዋ እስክታዘነብል ከመሬቱ አልተነሣም፤ ሲነሣ ሁለት መዳፉን አጋጥሞ ለእኔም ለሽማግሌውም ሰገደ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ እስከ ጂፑ በባዶ እግሩ ሄደ። ስለ ርጭቱ አንዲት ቃል አልተናገረም።

ከዚያ ወዲህ ያ ምልክት ያለበት መኪና በከሚሴ መንገድ ላይ በዝቷል። የአንበጣ ነው፣ የእህል ነው፣ የክትባት ነው እየተባለ ያልፋል። በጎ አላደረጉም አልልም፤ የጨፋ ልጅ እንደ ድሮው አይንቀጠቀጥም። ብዙዎቹ ግን መስኮታቸውን ዘግተው ነው የሚያልፉት፣ ሲቆሙም ቆመው ጠይቀው ቆመው ይሄዳሉ። ዓለምን የሚያስተዳድር ሸንጎ ይኑር አይኑር እኔ አልፈርድም፤ መሬት ላይ ሲቀመጥ ያየሁት ግን አንድ ቀን ብቻ ነው።

ሐኪሙ ውኃውን በጠጣ በማግስቱ ረጪዎቹ ተመለሱ። ሳይጠይቁኝ ዕቃዬን ማውጣት ጀምሬ ነበር። አለቃቸው ሐኪሙ እንግዳ ማረፊያው ውስጥ ሆዱን ይዞ ተኝቷል አለኝ፤ ሌሊቱን ሲመላለስ ነው ያደረው። አላሰብኩትም፣ ሳቅ አመለጠኝ፤ ከባሌ ወዲህ የሳቅሁት ያን ቀን ነው። ጎረቤቴ አብሽ በጥብጣ ላከችለት። «የሁለት ወገን ውኃ ለብቻ ሲጠጡት እንዲህ ነው» አለች።

ኮቷን በመጨረሻ አወረድኳት። እንደምታስቡት አልከበደችኝም። ከላይዋ ላይ ያለውን ጥላሸት አራግፌ፣ አጥፌ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ለሚቀመጥ ነዳይ ሰጠኋት። ትከሻው ላይ ሰፋችበት። ስመለስ ረጪዎቹ ጨርሰዋል። ኮቷ በተሰቀለችበት ግድግዳ ላይ ጢስ ያልነካው የኮት ቅርጽ ቀርቶ ነበር፤ አሁን ዲዲቲው ሸፍኖት ግድግዳው ሁሉ አንድ ዓይነት ነጭ ሆኗል። ምስማሩ ግን አለ።

እስኪደርቅ ደጅ ቆዩ ስላሉኝ ግራሩ ሥር፣ ሐኪሙ የተቀመጠበት ላይ፣ ተቀመጥኩ። ሾፌሮች መጡ፣ ዛሬ ምግብ የለም አልኳቸው፣ ተሻግረው ጎረቤቴ ጋ ሽሮ በሉ። ሲመሽ ወደ ቤት ገባሁ። ከመርዶው ጀምሮ የለበስኳትን የሐዘን ጥቁር ነጠላዬን ከትከሻዬ አወረድኩ፤ ሌላ የምሰቅለው የማንም ልብስ ስለሌለ፣ እሷን ምስማሩ ላይ ሰቀልኳት።